ብረቱና መዝገቡ፦ ስለ ተለወጡ አሮጌ የጭነት መኪኖች ምዝገባና መድን

በአገራችን ጎዳና ላይ ከሚመላለሱት ተሽከርካሪዎች መካከል ዕድሜአቸው ከሾፌሮቻቸው ዕድሜ የሚበልጥ፣ የመጀመሪያ ጌቶቻቸው ካለፉ በኋላ ለልጅ፣ ከልጅም ለልጅ ልጅ የተላለፉ፣ በቆዩበት ዘመን ሁሉ የባለቤታቸውን ፍላጎት ተከትለው መልካቸውንና ግብራቸውን የለዋወጡ አሮጌ የጭነት መኪኖች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ከእነዚህም ሁሉ ስሙ ገኖ የሚጠራው፣ የቱሪኑ የፊያት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1952 መሥራት የጀመረው 682 የተባለው ሞዴል፣ ይልቁንም ሕዝባችን በጣልያንኛ አጠራሩ ኤን ትሬ ብሎ የሚያውቀው ዓይነት ነው። ከእርሱ አስቀድሞ በጠላት ወረራ ዘመን የመጣውና ሽማግሌዎች ትሬንታ ኳትሮ እያሉ የሚያስታውሱት ፊያት 634 ነበረ፤ ኤን ትሬ ግን ከ10 ሊትር የሚበልጥ ይዞታ ባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሩ፣ ተሳቢውን አስከትሎ ከአሰብ ወደብ እየተነሣ፣ የአፋርን በረሃ እያቋረጠና የሸዋን ዳገት እየወጣ፣ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን እህልና ሸቀጥ ስላመላለሰ፣ በሾፌሮችና በረዳቶች ልብ ውስጥ ያገኘው ክብር ለሌላ መኪና አልተሰጠም።

ነገር ግን ዕድሜው የረዘመ ነገር ሁሉ እንደ ተሠራ አይቆይም። ከፋብሪካው ክፍት ሣጥን ይዞ እንዲያገለግል የወጣው መኪና ዘመኑ ሲለወጥ የውሃ ወይም የነዳጅ ቦቴ ይሆናል፤ ወይም ጃክ ተገጥሞለት አሸዋና ድንጋይ የሚያራግፍ ገልባጭ ይሆናል፤ ወይም የብየዳ መሣሪያና የሥራ ጠረጴዛ ተጭኖበት መንገድ ላይ ለቆሙ መኪኖች የሚደርስ ተንቀሳቃሽ ጋራዥ ይሆናል። በዚያ ዘመን የነበሩት የኢጣልያ ከባድ መኪኖች በተራራ መንገድ የገደሉን ዳር ለማየት እንዲያመች መሪያቸው በቀኝ በኩል ይሠራ ስለ ነበረ፣ መሪውን ወደ ግራ ያዛወረለትም ባለቤት አለ። ሻንሲውን ቆርጦ ያስረዘመ፣ የደከመውን ሞተር አውርዶ የሌላ መኪና ሞተር ያስገባ፣ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ሶማሌ ተራ ከሚባለው የመለዋወጫ ገበያ ገዝቶ የቀየረም እንዲሁ። በሊቃውንት አነጋገር፣ መልኩና ግብሩ ተለወጠ እንጂ አካሉ ያው ነው ብለን ልንከራከር እንችል ይሆናል፤ ሕግ ግን ክርክሩን ሰምቶ ብቻ አያልፍም፣ ምስክር ይጠይቃል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይህ ነው። አሮጌን መኪና ለውጦ ለአዲስ አገልግሎት ማብቃት የሚመሰገን ጥበብ ነው፤ ጥበቡ ፍጹም የሚሆነው ግን በብረቱ ላይ የተደረገው ለውጥ በመንግሥት መዝገብም በመድን ውሉም ላይ በዚያው ልክ ሲጻፍ ነው። ብረቱ አንድ ነገር፣ ሊብሬ የምንለው የምዝገባ ደብተር ሌላ ነገር፣ የመድን ውሉም ሦስተኛ ነገር የሚናገሩ ከሆነ፣ መኪናው በሰላም በሚመላለስበት ጊዜ ምንም ያልጎደለ ይመስላል፤ አደጋ በደረሰ ቀን ግን ባለቤቱ በፍርድ አደባባይ ያለ ምስክር ይቆማል፣ በመንገድ ላይ የተጎዳውም ሰው ካሣውን የሚያገኝበት መንገድ ይጠብበታል።

አስቀድሞ፣ ብዙ አካላቱ የተለወጡለት መኪና የቀድሞው መኪና ነው ወይስ አዲስ ፍጥረት ነው የሚለውን ጥያቄ እንመልከት። ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም። ጥንታዊ መኪኖችን እየጠበቀ ማቆየት ልማድ በሆነበት በእንግሊዝ አገር፣ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ለረጅም ዘመን ሲሠራበት በኖረው ሥርዓት የመኪናው አካላት በነጥብ ይመዘኑ ነበር፤ ለሻንሲው 5 ነጥብ፣ ለባሌስትራና ለመሰል ተሸካሚ አካላት 2፣ ለአክሰሎቹ 2፣ ለካምቢዮና ለማስተላለፊያው 2፣ ለመሪው ሥርዓት 2፣ ለሞተሩ ግን 1 ነጥብ ብቻ ተመድቦ፣ ከጠቅላላው 14 ነጥብ ቢያንስ 8ቱን ያሟላ መኪና የቀድሞ ቁጥሩን ይዞ እንዲቀጥል ይፈቀድለት ነበር፤ ያላሟላው ግን እንደ አዲስ ተመርምሮ ልዩ ሰሌዳ ይሰጠው ነበር። ከዚህ ሚዛን የምንማረው ቁም ነገር አለ። ብዙ ሰው የመኪና ነፍስ ሞተሩ ነው ብሎ ያስባል፤ ሕግና ምሕንድስና ግን የመኪናውን ማንነት የሚያዩት በሻንሲው ነው፤ ምክንያቱም ሞተር የሚደክምና የሚተካ አካል ሲሆን፣ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመው፣ አክሰሉም ጋቢናውም ሣጥኑም የሚታሰሩበት ግን ያ ረጅም የብረት መሠረት ነው።

በአገራችንም ሥርዓቱ በነጥብ አይመዘን እንጂ መሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 በመንገድ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ሁሉ እንዲመዘገብ፣ መለያ ሰሌዳ እንዲለጥፍና በየጊዜው እንዲመረመር ያዝዛል። በምዝገባው መሠረት የሚሰጠው ደብተር፣ ሁላችንም ሊብሬ የምንለው፣ የባለቤቱን ስም ብቻ የያዘ አይደለም፤ የመኪናው ዓይነትና ሞዴል፣ የተሠራበት ዘመን፣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር፣ ቀለሙ፣ የአካሉ ዓይነት፣ የመጫን አቅሙና የተፈቀደለት አገልግሎት ሁሉ በውስጡ ተጽፈዋል። እንግዲህ ባለቤቱ ከእነዚህ አንዱን በለወጠ ጊዜ ሊብሬው ስለሌላ መኪና የሚናገር ሰነድ ሆነ ማለት ነው።

የዓመታዊው ምርመራ ጊዜ ሲደርስ የሚሆነውን በቅርብ ሆኖ የተመለከተ ሰው የነገሩን ክብደት ይረዳዋል። መርማሪው ከፊት ጎማው አጠገብ ተንበርክኮ በጭቃና በአሮጌ ቅባት የተሸፈነውን የሻንሲ ብረት በሽቦ ብሩሽ ይፈገፍጋል፤ ቁጥሩ ብቅ ሲልም ቀጭን ወረቀት ለጥፎ በላዩ ላይ የእርሳሱን ጎን እያሸ የቁጥሩን ቅርጽ ከብረቱ ወደ ወረቀቱ ያነሣል። ከ50 ዓመት በላይ በዝናብና በጨዋማ በረሃ የኖረ ብረት ስለ ሆነ አንዱ ቁጥር 3 ይሁን 8 የማይለይበት፣ ወይም በኋላ ዘመን የተለጠፈ የብየዳ ማጠናከሪያ ግማሹን የሸፈነበት ጊዜ አለ። በዚያች ሰዓት ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አልተስማማም ማለት፣ ቅን የሆነ ባለቤት እንኳ በተሰረቀ መኪና እንደሚጠረጠር ሰው ሊታይ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ሻንሲ ሊያስቆርጥ ወይም ሊያስበይድ የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቁጥሩ ያለበትን ስፍራ አጽድቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ የብየዳ እሳት እንዳይደርስበት ለብየዳ ባለሙያው ማስጠንቀቅ ይገባዋል፤ ቁጥሩ በእርጅና የጠፋ እንደ ሆነም በራሱ እጅ መልሶ ለመምታት ከቶ አይሞክር፤ ይህ በወንጀል የሚያስጠይቅ ነውና ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አመልክቶ በሕጋዊ መንገድ ያስተካክል።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ይበጃል። ባለቤቱ ገና ብረት ሳይቆረጥ ሊለውጥ ያሰበውን በጽሑፍ ገልጾ ለክልሉ ወይም ለከተማው የተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ያመለክታል። ፈቃድ ሲያገኝ ሥራውን የንግድ ፈቃድ ላለው ጋራዥ ይሰጣል፤ ከጋራዡም የተሠራውን ሥራ የሚዘረዝር ደብዳቤና ሕጋዊ ደረሰኝ ይቀበላል። የሞተር ለውጥ ከሆነ የገባው ሞተር ከየት እንደ ተገኘ፣ በጉምሩክ በኩል በሕግ የገባ ወይም ከተሰረዘ መኪና ላይ የወረደ ስለ መሆኑ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ያለ ማስረጃ የተገዛ ሞተር በዋጋ ርካሽ ቢሆንም በመዝገብ ላይ ማስፈር አስቸጋሪ ስለሚሆን መጨረሻው ኪሣራ ነው። መኪናው በፊት ከቀረጥ ነጻ የገባ እንደ ሆነ አገልግሎቱን መለወጥ የጉምሩክን ጉዳይ ያስነሣል፤ በባንክ ዕዳ ተይዞ እንደ ሆነም የባንኩ ፈቃድ ሳይገኝ መለወጥ አይገባም። ከንግድ አገልግሎት ወደ ግል የሚዛወረው መኪናም ሰሌዳውን ጭምር ይለውጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ መኪናው ለቴክኒክ ምርመራ ይቀርባል፤ ምርመራውን ሲያልፍም ለውጡ በሊብሬው ላይ ይሰፍራል፣ የምርመራው ምልክት የሆነው ቦሎም ይለጠፍለታል።

አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለበት። ሻጩ፣ መኪናው በአባቴ ዘመን ተለውጦ ነው ያገኘሁት፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ቢለው ያ ምስክርነት አይበቃውም። ወደ ውልና ማስረጃ ሄዶ ከመፈረሙ በፊት ሊብሬውን ከብረቱ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክር፤ ዕዳና እግድ አለመኖሩን ያረጋግጥ፤ ያልተመዘገበ ለውጥ ቢያገኝ ሻጩ በራሱ ስም አስመዝግቦ እንዲያስረክበው ያስገድድ። ስሙ ከዞረ በኋላ የቀድሞውን ለውጥ ታሪክ ለማስረዳት የሚገደደው አዲሱ ባለቤት ነውና። አበው፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ማለታቸው በዚህ ነገር ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል።

ምርመራው ለምን ይህን ያህል ጥብቅ ይሆናል ለሚል ሰው መልሱ በመኪናው ባሕርይ ውስጥ ይገኛል። ክፍት ሣጥን እንዲሸከም የተሠራ ሻንሲ ቦቴ ሲጫንበት፣ ክብደቱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ መኪናው በጠመዝማዛ መንገድ ለመገልበጥ የቀለለ ይሆናል። ይልቁንም ቦቴው በግማሽ ሲሞላ፣ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ፈሳሹ ወደ ፊት ተገፍቶ መኪናውን ይገፋዋል፣ በመታጠፊያም ወደ ጎን ይወረወራል፤ ስለዚህ በቦቴው ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው መለያያ ግድግዳዎች ሊሠሩለት ግድ ነው። የረዘመ ሻንሲም የተቀጠለበት ስፍራ፣ ብየዳው ቀጥ ብሎ ወደ ታች የወረደ እንደ ሆነና ከጎኑ ማጠናከሪያ ያልተደረገለት እንደ ሆነ፣ በጭነት ብዛት ቀስ በቀስ የሚሰነጠቅ ደካማ ስፍራ ይሆናል፤ ስንጥቁም ከቀለም በታች ተሰውሮ ስለሚሰፋ በዓይን ብቻ አይታወቅም። ጉልበቱ የበለጠ ሞተር ሲገባለትም፣ ፍሬኑና ካምቢዮው ለቀድሞው ጉልበት የተሠሩ ስለ ሆኑ አብረው ካልተሻሻሉ፣ የመኪናው ፍጥነት ከመቆሚያ ኃይሉ ይበልጣል። እንግዲህ መርማሪው የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ በዳገትና በቁልቁለት ላይ የሚሄደውን ሾፌርና በመንገዱ ዳር የሚያልፈውን ሰው ሕይወት የሚመለከት ነው።

ከምዝገባው ቀጥሎ የሚመጣው የመድን ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ላይ የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ መኪናውን የነዳው ሰው ሳይፈቀድለት የነዳ ቢሆን እንኳ ባለቤቱ በዚህ ብቻ ከኃላፊነት አያመልጥም። ይህ ኃላፊነት ለአንድ ቤተሰብ ከአቅም በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንም ሰው ይህን መድን ሳይገባ ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ከልክሏል። አዋጁ በወጣበት ጊዜ መድን ሰጪው የሚከፍለውን ወሰን ሲያስቀምጥ፣ ለሞት ከ5,000 ብር የማያንስና ከ40,000 ብር የማይበልጥ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምናም እስከ 2,000 ብር ብሎ ነበር። ባልታወቀ ወይም መድን በሌለው መኪና አካሉ ለተጎዳ ሰውም የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ከዚህ መረዳት የሚገባው፣ የግዴታው መድን የኃላፊነቱ ወለል እንጂ ጣሪያ አለመሆኑን ነው፤ ፍርድ ቤት ከዚያ በላይ የፈረደ እንደ ሆነ ትርፉ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ነዳጅ የሚያመላልስ ወይም በከተማ መካከል የሚሠራ የተለወጠ ከባድ መኪና ያለው ሰው ከግዴታው በላይ የሚሄድ ተጨማሪ የኃላፊነት ሽፋን ቢገዛ የጥበብ ሥራ ነው።

የሦስተኛ ወገን መድኑ የሌላውን ሰው ጉዳት የሚመለከት ሲሆን፣ የራስን መኪና ከግጭት፣ ከእሳትና ከስርቆት የሚጠብቀው ግን በፈቃድ የሚገባው ሙሉ ሽፋን ነው። በዚህ ላይ ገዢ የሆነው በዚያው በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም ስለ መድን የሚናገረው የቀድሞው መጽሐፍ በሥራ ላይ ቆይቷል። ሕጉ በመድን ገቢው ላይ የጣለው የመጀመሪያ ግዴታ እውነትን መናገር ነው፤ ውሉ ሲደረግ መድን ሰጪው የአደጋውን መጠን ለመመዘን የሚያስፈልገውን፣ ባለቤቱም የሚያውቀውን ነገር ሁሉ በትክክል መግለጽ አለበት። ሻንሲው የረዘመ፣ ሞተሩ የተለወጠ፣ ሣጥኑ ቦቴ የሆነ መኪና በማመልከቻው ላይ፣ የጭነት መኪና፣ ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፣ ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ እንደ ሆነ ውሉን ፈራሽ ያደርገዋል፤ ባለማወቅ የሆነው ጉድለት እንደ ተንኮል ባይቆጠርም የካሣውን መጠን ሊቀንሰው ይችላል። ውሉ ከተደረገ በኋላ የተፈጸመ ለውጥም እንዲሁ አደጋውን የሚያበዛ ከሆነ ሳይዘገይ ለመድን ሰጪው ሊነገር ይገባል። ለዓመታት አረቦን ሲከፍል የኖረ ሰው በአደጋው ማግስት፣ እኛ የዋስትና ቃል የሰጠነው ለዚህ መኪና አልነበረም፣ ሲባል ከመስማት የሚበልጥ ሐዘን በዚህ ሥራ ውስጥ የለም።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው የዋጋው ነገር ነው። የንብረት መድን በሕጉ ዘንድ ጉዳትን ለመካስ የሚደረግ ውል ነው፤ ካሣውም ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። የ50 ዓመት መኪና ግን ዋጋው በምን ይታወቃል? በዕድሜው ብቻ ቢመዘን ከቁርጥራጭ ብረት አይበልጥም፤ ባለቤቱ ለቦቴው፣ ለፍሬኑ፣ ለጎማውና ለሞተሩ ያወጣው ገንዘብ ቢቆጠር ግን ብዙ ነው። ብዙ ባለቤቶች አረቦኑን ለመቀነስ ሲሉ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ያስጽፋሉ፤ ይህ ምን እንደሚያስከትል በቁጥር እንመልከት። የመኪናው እውነተኛ ዋጋ 2,000,000 ብር ሆኖ ሳለ በ1,200,000 ብር ዋጋ መድን ገባ እንበል። መኪናው ተጋጭቶ 500,000 ብር የሚያስወጣ ጉዳት ቢደርስበት፣ ባለቤቱ ጉዳቱ ከተጻፈው ዋጋ ስላነሰ ሙሉውን አገኛለሁ ብሎ ይጠብቃል። ሕጉ ግን ዋጋው ተጓድሎ የተጻፈበትን ንብረት ባለቤት ለጎደለው መጠን ራሱ መድን ሰጪ እንደ ሆነ ይቆጥረዋል፤ የተጻፈው ዋጋ ከእውነተኛው 60 በመቶ ስለ ሆነ ካሣውም የ500,000 ብር 60 በመቶ፣ ማለት 300,000 ብር ይሆናል፤ በውሉ የተመለከተው ተቀናሽም ከዚሁ ላይ ይነሣል። በአረቦን ላይ የተረፈችው ጥቂት ገንዘብ በአንድ ቀን 200,000 ብር አስከፈለች።

መድን ሰጪዎች ለአሮጌ መኪና ሙሉ ሽፋን ለመስጠት ሲያመነቱ ከክፋት የመጣ ነው ብሎ ማማረር አይገባም። መለዋወጫው ከገበያ የጠፋ ስለ ሆነ አንድ ትንሽ ጉዳት ለመጠገን ሌላ አሮጌ መኪና እስከ መፍታት ያደርሳል፤ ዋጋውን የሚያስረዳ ገበያም የለም። ባለቤቱ ይህን ጥርጣሬ የሚያርቀው በማስረጃ ነው። ለውጡ የተመዘገበበትን ሊብሬ፣ የጋራዡን ደብዳቤና ደረሰኞች፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ በመካከሉና ከተፈጸመ በኋላ የተነሡ ፎቶግራፎችን፣ የፍሬንና የጎማ ጥገና የተጻፈበትን ደብተር፣ ዋጋውንም በሚመለከት በመካኒካል ምሕንድስና የሠለጠነ ገማች የሰጠውን ጽሑፍ አያይዞ ቢያቀርብ፣ መድን ሰጪው የማያውቀውን አደጋ ፈርቶ ከመሸሽ ይልቅ የሚያውቀውን አደጋ መዝኖ ዋጋ ሊያወጣለት ይችላል። ውሉ ሲሰጠውም ሳያነብ አይፈርም፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ በትክክል መጻፉን፣ ቦቴው፣ ጃኩና ሌላው የተጨመረ መሣሪያ በመድን ከተገባለት ንብረት ውስጥ መቆጠሩን፣ የሚጭነውም ነገር ዓይነት በግልጽ መጠቀሱን ይመርምር። የተጨመረው ክሬን ወይም ቦቴ በውሉ ካልተጠቀሰ፣ በአደጋ ጊዜ እንደሌለ ይቆጠራል።

እነዚህን አሮጌ መኪኖች አናጣጥላቸው። አዲስ ከባድ መኪና ለመግዛት የሚጠየቀው የውጭ ምንዛሪና የባንክ ብድር ከብዙ ሰው አቅም በላይ በሆነበት አገር፣ የአባትን መኪና ለውጦ በእርሱ ቤተሰብ ማስተዳደር የድካምና የብልኀት ፍሬ ነው፤ ያለ መሐንዲስ ንድፍ ብረት ቆርጠው፣ ያለ ፋብሪካ መለዋወጫ ሞተር አስነሥተው የኖሩት የአገራችን መካኒኮችም ሊመሰገኑ የሚገባቸው ናቸው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ድካም በአንድ የጠፋ ደረሰኝ፣ በአንድ ያልተመዘገበ ሞተር ምክንያት ከንቱ እንዳይሆን፣ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት የትኛው ለውጥ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ ምን ማስረጃ እንደሚቀርብ፣ ምርመራውም በምን መለኪያ እንደሚፈጸም ለማንም በሚገባ ቋንቋ ጽፎ በየቢሮው በር ላይ ሊለጥፍ ይገባዋል፤ ሕጉን ያላወቀ ሰው ሕጉን እንዲጠብቅ መጠየቅ ከርትዕ የራቀ ነውና። መድን ሰጪዎችም ለተለወጡ አሮጌ መኪኖች የሚስማማ የራሱ የሆነ የማመልከቻ ቅጽ ቢያዘጋጁ፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ የቀረውን ደበቅህ ተብሎ ከመከሰስ ይድናል፣ እነርሱም ከክርክር ያርፋሉ።

ለባለቤቱ ደግሞ የምንለው አጭር ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ለለውጡ ሥራ የምትመድበውን ገንዘብ ስታሰላ የምዝገባውን፣ የምርመራውንና የመድኑን ወጪ ከብረቱና ከብየዳው ጋር አብረህ ቁጠር፤ ጋራዥ ከመግባትህ በፊትም ወደ መዝጋቢው ቢሮ ግባ። ይህን ያደረገ ሰው መኪናው ዕዳ ሳይሆን ሀብት ይሆንለታል፤ ለልጁም ሲያወርሰው ብረቱን ከነሙሉ ማስረጃው ያወርሰዋል፤ በመንገድ ላይ ለሚያልፈው የማያውቀው ወንድሙም የሚገባውን ፍትሕ አስቀድሞ አስቀምጦለታል።